ቢጫው ሰሌዳ፦ በዛስ ሸለቆ የእግር ጉዞ



ዐረብኛ የቀራ ሰው የስዊዘርላንድን ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ወደ ደቡብ ቢያወርድ፣ ከጣሊያን ድንበር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጣቱን የሚያስቆሙ ስሞች ያገኛል። «አላሊን» የሚባል 4,027 ሜትር ከፍታ ያለው በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። «አልማጌል» የምትባል መንደር አለች። «ሚሻቤል» ተብለው የሚጠሩ በሰልፍ የቆሙ የተራራ ጫፎችም አሉ። ለመሆኑ እነዚህ ስሞች ከየት መጡ? ሙስሊሞች ከዚህ በረዶ ሥር ኖረዋልን? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ሸለቆውን እንግባበት፤ የዛስ ሸለቆ ከካርታ ይልቅ በእግር የሚታወቅ አገር ነውና።

እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሎዛን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ትኖራለች። በእኛ ክረምት፣ በእነርሱ በጋ፣ ልጠይቃት በሄድኩበት ወቅት ባለቤቷ ከሥራው መለየት ስላልቻለ እርሷና ልጆቿ፣ እኔም አራተኛ ሆኜ፣ አራት ቀን ለዚህ ሸለቆ ሰጠን። ያየነውን ለአንባቢያን ለማካፈል የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን «ተራራ የሀብታም መዝናኛ ነው» እያሉ ልጆቻቸውን ይዘው ሳይወጡ ዓመታት ያልፋሉ። የእግር መንገዱ ግን በር የለውም፣ ቲኬትም አይጠየቅበትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሪቱ

ከሎዛን ተነሥቶ የሮን ወንዝን ሽቅብ የሚከተለው ባቡር ፊስፕ ከምትባል ከተማ ያደርሳል። ከዚያ ቢጫ የፖስታ አውቶቡስ ይዞ በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጠመዘዛል። በሸለቆው ውስጥ አራት መንደሮች አሉ፤ እነርሱም ዛስ ባለን፣ ዛስ ግሩንድ፣ ዛስ አልማጌልና ዛስ ፌ ናቸው። የእኛ ማረፊያ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ዛስ ፌ ነበረች።

በዛስ ፌ መኪና አይገባም። የመጣ ሁሉ መኪናውን ከመንደሩ መግቢያ አቁሞ በእግሩ ይገባል፤ በውስጥ ዕቃና ሽማግሌ የሚያመላልሱት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ብቻ ናቸው። የመኪና መንገድ ራሱ እስከ መንደሪቱ የደረሰው በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ሰውም፣ ደብዳቤም፣ ዱቄትም የሚወጣው በእግርና በበቅሎ ጀርባ ነበር።

በቤቶቹ መካከል ፀሐይ ያጠቆራቸው የድሮ የእንጨት ጎተራዎች ቆመዋል። ጎተራው በአጫጭር እግሮች ላይ የተነሣ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እግርና በጎተራው መካከል እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቷል። አይጥ እግሩን ይዛ ብትወጣ ከድንጋዩ ሥር ስትደርስ ወደፊት የምትሄድበት የላትም። ባላገር ለእህሉ የማያስበው ነገር እንደሌለ ከእኛ አገር ጎተራ ጋር እያነጻጸርኩ ለልጆቹ ነገርኳቸው።

ከመንደሩ በላይ የፌ የበረዶ ግግር ተንጠልጥሎ ይታያል። ዙሪያውን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ ከደርዘን የሚበልጡ ተራሮች ከበዋታል። ከእነርሱ መካከል ዶም የሚባለው 4,545 ሜትር ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በስዊዘርላንድ ምድር ላይ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በማለዳ ፀሐይ ጫፉን ስትነካው ሱብሓነላህ ከማለት በቀር የሚባል ነገር የለም።

ሰዓት የሚናገር ሰሌዳ

በመንደሩ አደባባይ አንድ ምሰሶ ላይ ብዙ ቢጫ ሰሌዳዎች በየአቅጣጫው ተተክለዋል። በእያንዳንዱ ላይ የቦታ ስምና ቁጥር ተጽፏል። ትንሿ የእህቴ ልጅ ቁጥሩ ኪሎ ሜትር መስሏት ነበር፤ ግን አይደለም። ሰዓት ነው። በተራራ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሩብ ሰዓትም፣ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ለመንገደኛ የሚጠቅመው ርቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ስሌቱ በሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰውን መሠረት አድርጎ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ያስባል፤ ዕረፍትን ግን አይጨምርም። ልጆች የያዘ ሰው ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎ ቢያስብ ይሻለዋል።

ሰሌዳው ሦስት ዓይነት መንገድ ይለያል። ቢጫ ብቻ ከሆነ ማንም በተራ ጫማ የሚሄድበት ነው። ጫፉ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም ካለበት የተራራ መንገድ ነው፤ ጠንካራ ጫማና የማይዞር ራስ ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ገመድ መያዝና በረዶ መሻገር የሚያስፈልግበት ስለሆነ ለሠለጠነ ሰው ካልሆነ አይደለም። ይህ ምልክት በመላው ስዊዘርላንድ 65,000 ኪሎ ሜትር በሚያህል የእግር መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ሥርዓት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ መምህር መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። ዮሐን ያኮብ ኤስ ይባላል፤ በዙሪክ አካባቢ ያስተምር ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ተማሪዎቹን ይዞ የክላውዘንን የተራራ መተላለፊያ ሲሻገር መኪና እየበዛ ሕፃናቱን መንገድ እንዳስለቀቃቸውና፣ ለእግረኛ የራሱ መንገድ ይገባዋል ብሎ እንደተነሣ ይነገራል። በ1934 አገር አቀፉ የእግር ጉዞ ማኅበር ተቋቋመ፤ ቢጫው ሰሌዳም በየተራራው ተተከለ።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። በ1979 የስዊዘርላንድ ሕዝብ በድምፁ የእግር መንገድን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው። ቀጥሎ በ1985 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም ለሕንፃ ወይም ለአውራ ጎዳና ሲባል የእግር መንገድ የዘጋ ወይም ያፈረሰ አካል በምትኩ ሌላ መንገድ ማዘጋጀት አለበት። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ሶደቃ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። የማያውቁት መንገደኛ እንዳይሳሳት በየዓመቱ ቀለም ይዘው ተራራ የሚወጡ በጎ ፈቃደኞችን ሳይ ትምህርቱ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል አሰብኩ።

የበቅሎው መንገድ

የመጀመሪያ ቀን ጉዟችን ከዛስ ግሩንድ ወደ ዛስ ፌ የሚወጣው የድሮ መንገድ ነበር። ከፍታው 240 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ በዝግታ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በጽድ ዛፎች መካከል በድንጋይ ደረጃ የሚወጣው ይህ መንገድ ግራና ቀኙ 15 ትናንሽ የጸሎት ቤቶች አሉበት፤ በ1700 አካባቢ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ከእንጨት የተቀረጹ ምስሎች ይታያሉ። የሸለቆው ሕዝብ ካቶሊክ ነው። እምነቱ የእነርሱ ነው፤ የድንጋዩ ደረጃ ግን የተረገጠው በሁሉም እግር ነው። አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ታማሚ የተሸከመ፣ ሙሽራ ያጀበ፣ ጨው ያመጣ ሁሉ በዚህ ወጥቷል። የደረጃው መካከል በእግር ብዛት ተሰርጉዷል።

በማግሥቱ ልጆቹን ለማስደሰት ከመንደሩ በላይ ወዳለው ሽፒልቦደን ወደሚባል መስክ ሄድን። እዚያ ማርሞት የሚባል፣ የእኛን ሽኮኮ የሚመስል፣ ነገር ግን ከእርሱ ወፈር ያለ እንስሳ ይኖራል። ሰው ስለለመደ ካሮት ከእጅ ይቀበላል። ዳቦ ግን ለሆዱ መጥፎ ስለሆነ አይሰጠውም። ማርሞት የዓመቱን ግማሽ ያህል በጉድጓዱ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ በበጋ የሚበላው ሁሉ የክረምት ስንቁ ነው። ትንሿ ልጅ ካሮቱ ካለቀ በኋላ እጇን ባዶዋን ዘርግታ ብዙ ተቀመጠች፤ አንዱ ቀርቦ አሸተታትና ሄደ።

ስሞቹ የማን ናቸው?

በሦስተኛው ቀን በዛስ አልማጌል በኩል አልፈን ወደ ሸለቆው መጨረሻ ወጣን። አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ።

በ19ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ ጸሐፊዎች የእነዚህን ቦታዎች ስም ከዐረብኛ መዘዙ። «አልማጌል» «አል-መሐል» ነው፣ ማረፊያ ማለት ነው አሉ። «አላሊን»ን «ዐለል-ዐይን» ብለው «ከምንጩ ላይ» ሲሉ ፈቱት። «ሚሻቤል»ን ደግሞ «ሙሽቢል»፣ ማለትም ደቦሎቿን ያስከተለች እንስት አንበሳ አደረጉት። ከሸለቆው ራስ ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው መተላለፊያ «ሞንቴ ሞሮ» መባሉም ነገሩን አጠነከረላቸው፤ «ሞሮ» በጣሊያንኛ የሰሜን አፍሪካ ሙስሊም ይጠራበት የነበረ ቃል ነውና።

ታሪኩ ከምንም የተነሣ አይደለም። ከ880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአንደሉስ በባሕር የመጡ ሙስሊሞች በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ ፍራክሲኔቱም በተባለ ስፍራ ሰፍረው ነበር። ከዚያ እየተነሡ የአልፕስን መተላለፊያዎች ተቆጣጠሩ። በ940 እዚሁ ቫሌ ካንቶን ውስጥ እስካለው የቅዱስ ሞሪስ ገዳም ደርሰዋል። በ942 የጣሊያኑ ንጉሥ ሁጎ መተላለፊያዎቹን እንዲይዙለት ተዋውሏቸዋል። በ972 የክሉኒን ገዳም አለቃ ማዮሉስን ኦርሲዬር አጠገብ ማርከው በብር ለቀቁት፤ ይህም የአካባቢውን መሳፍንት አስነሣና ወዲያው የፍራክሲኔቱም ዘመን አበቃ። ይህን ሁሉ የጻፉት ባላጋራዎቻቸው መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም።

ይሁን እንጂ ሙስሊሞቹ በዛስ ሸለቆ መኖራቸውን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ የለም። የቋንቋ ሊቃውንትም የዐረብኛውን ፍቺ አብዛኞቹ አይቀበሉትም። «ሚሻቤል» ለምሳሌ በአካባቢው የጀርመንኛ ዘዬ የፍግ መንሽ ማለት ነው ይላሉ። ቀና ብሎ ጫፎቹን ያየ ሰውም የመንሽ ጣቶች መምሰላቸውን አይክድም።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው አዘነ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ስም ያለው እርሱ ነው፤ ተራራው የዐረብኛ ስም ቢኖረው ኖሮ አንድ ዘመድ ያገኘ ያህል ይሆንለት ነበር። «አንበሳዋ ትሻለኛለች» አለኝ።

«ለእኔም ትሻለኛለች» አልኩት። «ግን የምንወደው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ምርምር ባላስፈለገ። የቅዱስ ሞሪሱና የኦርሲዬሩ ታሪክ ተጽፎ አለ፤ እርሱን አጥና። መንሹን አንበሳ ብትለው ግን ነገ አንድ አዋቂ ሲያርምህ እውነተኛውንም ታሪክ አብሮ ያስጥልሃል።»

ወጣት አንባቢያን ሆይ! በስም ድምፅ ብቻ የተገነባ ኩራት ነፋስ ይወስደዋል። የተጻፈውን አንብቡ፤ ያልተጻፈውን አትጨምሩ።

ለኢትዮጵያዊ ግን እውነተኛ ዘመድ በእነዚህ ገደሎች ላይ አለ። የአልፕስ የተራራ ፍየል የእኛ የሰሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአደን አልቆ በጣሊያን በኩል በአንድ ተራራማ ስፍራ ብቻ ጥቂት ቀርቶ ነበር። በዚያ በተደረገለት ጥበቃ ተርፎ ከ1911 ጀምሮ ወደ ስዊዘርላንድ ተራሮች ተመለሰ። ሦስቱን ከሩቅ አየናቸው፤ ቀንዳቸውን ወደ ኋላ ደፍተው ቁልቁል ያዩን ነበር።

ማትማርክ

ከአልማጌል አውቶቡስ ይዞ ወይም በእግር ወጥቶ 2,197 ሜትር ላይ የማትማርክ ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተገደበ ሲሆን፣ ግድቡ ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራና 120 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለጥ ያለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ስለሆነ አያትም ሕፃንም ይሄዱበታል። ከሐይቁ ማዶ የሚነሣው ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ምልክት ያለበት መንገድ ከ2,800 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ሞንቴ ሞሮ ይወጣል፤ ከመተላለፊያው ወዲያ ያለችው የጣሊያን መንደር ማኩኛጋ ትባላለች።

ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ላሞች በዳርቻው ይግጣሉ፤ ደወላቸው ከሩቅ ይሰማል። በዚህ ሰላም መካከል አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ።

ነሐሴ 30 ቀን 1965፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ግድቡ እየተሠራ ሳለ ከአላሊን የበረዶ ግግር ጫፍ ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል በረዶና ድንጋይ ተገንጥሎ ወረደ። የሠራተኞቹ ሰፈር፣ ወርክሾፑና መመገቢያው የተሠሩት ከዚያው ግግር ሥር ነበር። 88 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ 56ቱ ጣሊያናውያን፣ 23ቱ ስዊሶች፣ 4ቱ ስፔናውያን፣ 2ቱ ጀርመናውያን፣ 2ቱ ኦስትሪያውያን ሲሆኑ፣ አንዱ አገር አልባ ነበር። አብዛኞቹ ለቤተሰባቸው እንጀራ ፍለጋ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አስከሬን ለማውጣት ወራት ፈጀ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የቀረበው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1972 አሥራ ሰባቱ ተከሳሾች በሙሉ በነፃ ተለቀቁ፤ አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነበር ተባለ። ቤተሰቦች ይግባኝ ሲሉም ፍርዱ ከመጽናቱ በላይ ከፍርድ ቤቱ ወጪ ግማሹን እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው። ይህ ውሳኔ በጣሊያን ታላቅ ቁጣ አስነሥቷል።

እህቴ ከመታሰቢያው ፊት ብዙ ቆመች። የእኛም ልጆች በየአገሩ በሰው ግድብ፣ በሰው ሕንፃ፣ በሰው ቤት ይሠራሉ። የት እንደሚያድሩ፣ ከምን ሥር እንደሚያድሩ የሚጠይቅላቸው አለን? «ስልክ ስንደውል ደመወዙን ብቻ ነው የምንጠይቃቸው» አለች። ከዚያ በኋላ ሐይቁን እስክንዞር ብዙ አልተናገረችም።

የተዘጋው መንገድ

በመጨረሻው ቀን ያሰብነው ከዛስ ፌ ተነሥቶ ግሬኸን ወደምትባል መንደር የሚሄደውን ከፍተኛ መንገድ በከፊል ሄደን መመለስ ነበር። ይህ መንገድ በ1954 የተከፈተ ሲሆን፣ በገደል ወገብ ላይ እየተቆረጠ የሚያልፍ፣ በአንዳንድ ቦታ የብረት ገመድ ይዘው የሚሻገሩት፣ እስከ መጨረሻው 6 እስከ 7 ሰዓት የሚፈጅ ነው። ለትንሿ ልጅ ስላልሆነ እርሷና እናቷ ከመጀመሪያው መስክ ላይ ቀሩ፤ እኔና ወንድሟ ቀጠልን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን መንገዱ ላይ ቀይና ነጭ ፕላስቲክ ተወጥሮ፣ ድንጋይ ስለሚወድቅ መንገዱ መዘጋቱን የሚናገር ማስታወቂያ ተሰቅሎ አገኘን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከፊታችን ያለው መንገድም እንደ ኋላችን መንገድ ጸጥ ያለ ነው።

«አጎቴ፣ ምንም ድንጋይ የለም እኮ» አለኝ።

«አሁን የለም።»

«ሁለት ሰዎች ሲያልፉ አይቻለሁ። ማንም አይከለክልም።»

«ይህን የሰቀለው ሰው ከላይ ሆኖ ያየውን እኔና አንተ ከታች ሆነን አናየውም። ያልደከምንበትን ዕውቀት በነፃ ሰጥቶናል፤ እንቀበለው» አልኩት።

ተመለስን። አኮረፈ። ከእናቱ ጋር ተገናኝተን ዳቦና ዕንቁላላችንን በላን፤ ዙህር ሰገድን። በዚያን ሁሉ ጊዜ ጆሮዬ ወደ ገደሉ ነበር። አንድም ድንጋይ አልወደቀም። ማታ በማረፊያችን ሆነን ልጁ ጥያቄውን አመጣው፦ «ታዲያ ምን አተረፍን?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚያው ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በመስከረም 2017 ከዛስ ግሩንድ በላይ በቫይስሚስ ተራራ ላይ ያለው የትሪፍት የበረዶ ግግር ይንቀሳቀስ ጀመር። በራዳር የሚከታተሉት ባለሙያዎች በቀን ከአንድ ሜትር በላይ እየተንሸራተተ መሆኑን አዩ። መስከረም 9 ቀን 220 የሚያህሉ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ወጡም። በማግሥቱ ግግሩ ተደረመሰ። ግን ከቤቶቹ ሳይደርስ ከላይ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ ሰዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ሌሊት ልጆቹን ታቅፎ የወጣ አባወራ እንደ እህቴ ልጅ «ምን አተረፍኩ?» ሊል ይችል ነበር።

በ2025 ግን እዚያው ካንቶን ውስጥ፣ በሌላ ሸለቆ፣ ብላተን የምትባል መንደር 300 የሚያህሉ ነዋሪዎቿ ግንቦት 19 ቀን እንዲወጡ ተደረገ። ግንቦት 28 ቀን ከበላይዋ የነበረው የበረዶ ግግር ከነተራራው ድንጋይ ወረደባትና አብዛኛውን መንደር ቀበራት። አንድ ሰው ሞተ። ዘጠኝ ቀን አስቀድመው ባይወጡ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ያስፈራል።

በማትማርክ 88 ሰዎች የሞቱት ከተራራ ሥር ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም የዛስ ሰዎች የሚኖሩት ከተራራ ሥር ነው። ልዩነቱ ዛሬ ሽቅብ የሚያይ መኖሩ፣ ያየውን የሚናገር መኖሩ፣ የተነገረውንም የሚሰማ መኖሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ አይረዱም። ሥራው እየከበደ የሚሄድም ነው፤ የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች በ2022ና በ2023፣ በሁለት ዓመት ብቻ፣ ከነበራቸው በረዶ አንድ አሥረኛውን አጥተዋል። በረዶ አጣብቆ የያዘው ድንጋይ ሲላቀቅ ትናንት ደኅና የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የተዘጉ መንገዶችን ዝርዝር ከመውጣታችን በፊት ማየት ይቻል እንደሆነ ፈለገ። ይቻላል። «የሚቀጥለው ጊዜ እኔ ነኝ የማየው» አለ።

ለመሄድ ለሚያስቡ

በአውሮፓ ለሚኖሩና ልጆቻቸውን ይዘው ለመውጣት ለሚያስቡ ቤተሰቦች የሚከተለውን እናስታውሳለን።

ወቅቱ፦ ከፍ ያሉት መንገዶች ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ይመቻሉ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በረዶ አለ።

ሰዓቱ፦ በማለዳ ውጡ። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ነጎድጓድ ይበዛል። ጥቁር ደመና ሲከማች ካያችሁ ከጫፍ ላይ ውረዱ፤ ከነጠላ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ።

ስንቅና ልብስ፦ ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ ሹራብ፣ የማያንሸራትት ጫማና ውኃ ያዙ። በመንደሮቹ ከሚፈሰው የቧንቧ ምንጭ ውኃ መቅዳት ይቻላል። በተራራ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት ሥጋ ለእኛ ስለማይሆን ስንቅ ከቤት መያዝ ይበጃል።

ሶላት፦ ቂብላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። በነሐሴ ዙህር የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ስለሆነ የምሳ ዕረፍትን ከእርሱ ጋር ማስማማት ይቻላል። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ለጥ ያለ መስክ አይጠፋም።

አደብ፦ በተራራ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ልጆቻችሁ እንዲያስቀድሙ አድርጉ። ሽቅብ ለሚወጣ ሰው መንገድ ይለቀቅለታል። የከብት በረት ያገኛችሁት ተዘግቶ ከሆነ ዘግታችሁ እለፉ። ጥጃ ካላት ላም ራቁ። አበባ አትቅጠፉ፤ ያመጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ተመለሱ።

አደጋ፦ በቫሌ ካንቶን ለእርዳታ የሚደወለው 144 ነው፤ 112ም ይሠራል። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በድምፅ ወይም በመብራት በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ቆሞ ይደገማል። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ምልክት ከተመለሰላችሁ የሰማችሁ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ለልጆች ከመነሣት በፊት ማስተማር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን ቢጫውን ሰሌዳ አንብቡ። ሰሌዳው የሚናገረው ያላችሁን ጊዜ፣ ያላችሁን ጫማና ያላችሁን አቅም አስቡ ነው። ልጅ ይህን በተራራ ላይ ከተማረ፣ በከተማም ሆነ በሰው አገር የተሰቀለለትን ማስጠንቀቂያ ለማንበብ፣ ለማያነብ ባልንጀራውም ለማንበብ አይቸገርም።

አላህ መንገዳችሁን የቀና ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።